ታቹ ያልተበሳ ጋን

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራውን ጥፋት ማን እንደፈጸመው ከመጀመሪያው እንዲታወቅ ነው። ውሃ ከማሳ እንዴት እንደሚጠነፈፍ፣ ችግኝ እንዴት እንደሚተከል፣ ገበሬው ከአባቱ የወረሰውን እኔ ከወረቀት እያነበብኩ መልሼ ሳስተምረው ኖርኩ። ገበሬው ቆቡን አውልቆ፣ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጠኛል፤ ዞር ስል ቆቡን ያጠልቅና አባቱ እንዳደረገው ያደርጋል። እንዲህ ተከባብረን ኖረን ጡረታ ወጣሁ። ስወጣም የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ በመስታወት አስደርጌ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

ሚስቴ የምትሰቅለው ወረቀት የላትም። ያላት አንድ ተክል ነው።

ተክሉ የበረሃ ጽጌረዳ ይባላል፤ በመጽሐፍ ማለቴ ነው። እኛ በምንኖርበት በጋይንቷ ከተማ በአርብ ገበያ ግን ስሙ «ቦርጫሙ» ነው፤ ግንዱ ከሥሩ እንደ ሽማግሌ ሆድ ተነፍቶ፣ ከላይ ጥቂት ጠማማ ቅርንጫፍ ብቻ ስላለው። ቅጠሉ ትንሽ ነው፤ ያችኑም ብርድ ሲመጣ ያራግፋታል። በበጋ እሱም እኔም በረንዳ ላይ ፀሐይ ስንሞቅ ያየን ሁሉ «የትኛው ነው ቦርጫሙ?» ይላል። ይህን ቀልድ መስማት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ከተማ በአንድ ቀልድ ይህን ያህል ዘመን መኖር መቻሉ ይገርመኛል።

ሚስቴ «ቆለኛዬ» ትለዋለች። እሷም ቆለኛ ናት። እኔ የጋይንት ልጅ ነኝ፤ ያገባኋት ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ ባለው የሰሊጥ አገር ተመድቤ ስሠራ ነው። ከዚያ ወደ ደጋ ስዛወር ይዛ መሄድ የፈለገችውን ሁሉ «መኪናው አይችለውም» እያልኩ አስቀረሁባት። ፍየሎቿ ቀሩ፤ የእናቷ የጠፍር አልጋ ቀረ፤ የሻይ ቤቷ ዕቃ ቀረ። ከቤቷ ጀርባ በድንጋይ መካከል ከበቀለው ከዚህ ተክል ግን አልላቀቅም አለች። በዘይት ቆርቆሮ ተክላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ደጋ አወጣችው። ከዚያ ወዲህ ስማዳ ተዛወርን፤ እስቴ ተዛወርን፤ ዞረን ዞረን ጋይንት ገባን። በየዝውውሩ አንዳንድ ነገር እየጣለች መጣች፤ ቆርቆሮው ግን አብሮን ዞረ። እኔ ያልመረጥኩት፣ ያላዘዝኩበት፣ ያልወሰንኩበት ነገር በቤታችን ውስጥ ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ ለባለሙያ እጅ የሚያሳክክ ነገር ነው።

አያያዟን አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው ሳየው። በበጋ ውሃ የምታጠጣው አፈሩ ደርቆ ጣቷን ሲወጋት ነው። ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች። በየጥቂት ቀኑ ፀሐይ ሁሉንም ጎኑን እንዲያገኘው ታዞረዋለች። ደስ ያለው ዓመት፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ እንደ ጉንጭ የቀላ አበባ ያወጣል። ያን ጊዜ ለማንም አትናገርም፤ ብቻዋን ሄዳ ታየውና ተመልሳ ሥራዋን ትሠራለች። እኔ አበባውን የማየው ከሳምንት በኋላ ነው።

ባለፈው ሐምሌ መግቢያ ላይ ልጃችን ደብረ ታቦር ሴት ልጅ ወለደችና ሚስቴ ልታርሳት ሄደች። እስከ ክርስትናው፣ ማለትም ሰማንያ ቀን፣ እዚያው መክረሟ ነው። ስለ ዶሮዎቹ ነገረችኝ፤ ስለ ድርቆሹ ነገረችኝ፤ ስለ ተክሉ ግን ደጅ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ነው የነገረችኝ።

«ቆለኛዬን ማድቤት፣ ከምድጃው አጠገብ አድርጌዋለሁ። ክረምቱን ይተኛል። ውሃ አይፈልግም፤ ጠብታም ቢሆን። ቅጠሉ ቢረግፍ እንዳትደነግጥ። ቆርቆሮው መበላሸቱን አይቻለሁ፤ በጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ እኔ እቀይርለታለሁ።»

«እሺ» አልኳት።

«እሺ ስትል ነው የምፈራህ» አለችና ሄደች።

ለሁለት ሳምንት ያህል አልነካሁትም። ይህ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ጡረተኛ ሰው፣ ዝናብ ቤት ውስጥ የዘጋበት፣ የሚያዘው ሰው ያጣ፣ ለሁለት ሳምንት እጁን ሰብስቦ መቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም። ለዶሮዎቹ ስለ አመጋገባቸው ነገርኳቸው። ምክሬን እንደ ገበሬዎቹ ተቀበሉት።

የነካካኝ የእማሆይ ንግግር ነው። እማሆይ አጥር የሚያዋስነን መነኩሲት ናቸው። ሚስቴን እንደ ልጃቸው ይወዷታል፤ እኔን ደግሞ እሷ ስለምትታገሠኝ ይታገሡኛል። አንድ ቀን እሳት ሊጭሩ ማድቤታችን ገብተው ቆርቆሮውን አዩት። ዝገቱ ቆርቆሮውን በልቶት ሥሩ በጎኑ ሾልኮ ወጥቷል።

«አዬ ልጄ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ በየተራራው ስታስተክል ኖረህ፣ የቤትህ ተክል እንዲህ በዝገት ታስሮ ይኑር?» አሉኝ።

ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ ብል ውሸት ነው፤ እንቅልፌን ተኛሁ። ጠዋት ግን ወስኜ ተነሣሁ። ሚስቴ ስትመለስ ቆለኛዋን ባማረ ዕቃ ተክዬ አሳያታለሁ፤ እሷም በመጨረሻ የማን ሚስት እንደሆነች ታውቃለች። ደግሞስ ሐምሌ አይደል? ሐምሌ የችግኝ ወር ነው። ሹማምንት መጥተው አንድ አንድ ችግኝ ይዘው ጎንበስ ብለው ፎቶ ሲነሡ ጉድጓዱን ያስቆፈርኩ እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ሐምሌ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ችግኝ እንተክላለን። ስንቱ ጸደቀ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ በሪፖርቱ ሁሉም ጸድቋል። በሐምሌ መትከል ስሕተት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በደጄም አላለፈ። ደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ዝናብና ተክል ተጣልተው አያውቁም።

ዓርብ ዕለት ገበያ ወጣሁ። ሸክላ ሠሪዎቹ የሚቀመጡት ከገበያው ዳር፣ ከሰው ፈንጠር ብለው ነው። የእኛ ሰው ወጡን የሚሠራው እነሱ በሠሩት ድስት፣ ጠላውን የሚጠምቀው እነሱ በሠሩት ጋን ነው፤ ሠሪዎቹ ግን ደጁን እንዲረግጡበት አይፈልግም፤ ዓይናቸው ይበላል ይላል። እኔ የተማርኩ ስለሆንኩ ይህን አላምንም። ያም ሆኖ ከነሱ ስገዛ ትንሽ ራቅ ብዬ ነው የምቆም። ይህን የት እንደተማርኩት አላውቅም፤ ትምህርት ቤት እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

አንዲት ጎልማሳ ሴት ሆዱ ሰፋ ያለ ትንሽ ጋን ይዛ ተቀምጣለች። ጋኑ ልቤን ወሰደው።

«ለጠላ ነው ጌታዬ?» አለችኝ።

«ለተክል ነው።»

«ለተክል ከሆነማ ታቹን ልብሳልዎ። በመብሻ ቀስ አድርጌ ነው የምበሳው፤ አይሰነጠቅም።»

መካሪዋ ማን እንደሆነች፣ ተመካሪው ደግሞ ማን እንደሆነ አሰብኩና ደሜ ፈላ። ጋን የሚበሳ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ውሃውስ ወርዶ በረንዳዬን ሊያጨቀየው ነው? በዚያ ላይ፣ ከዕቃው ታች ጠጠር ከተደረገ ውሃው ወደ ጠጠሩ ይወርዳል የሚል ነገር ድሮ አንብቤያለሁ። ጠጠሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለውን ጸሐፊውም አልጻፈ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ነበርኩ።

«ጠጠር አደርግበታለሁ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል አልሰማሽም?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ ጌታዬ» አለች፤ «የሚደገፈው ግን በውጭ ነው።»

አጠገቧ የነበሩት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ጋኑን በአህያ አስጭኜ፣ ቀና ብዬ ሄድኩ።

ቆርቆሮውን በመቀስ እየቀደድኩ አወለቅሁለት። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ የቆርቆሮውን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። እየለያየሁ ረዘም ያለውን ቆረጥኩት፤ የቆረጥኩት ቦታ ሁሉ እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ያዥ ጀመር። ይህን ፈሳሽ የቆላ አዳኞች ለቀስት መርዝ ያደርጉት ነበር ስትል ሚስቴን ሰምቻታለሁ። የሚስቴን ወሬ ግን ምንጊዜም በግማሽ ጆሮ ነው የምሰማው። በዚያው እጄ ዓይኔን አሸሁት።

ሰዓት ሳይሞላ ዓይኔ አብጦ ተከደነ። እማሆይ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ዓይኔን አዩ፤ ጋኑን አዩ፤ «ከማን ነው የገዛኸው?» አሉ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ተመልሰው ሄደው፣ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው በጨርቅ ቋጥረው አመጡልኝ።

«እማሆይ፣ እኔ እኮ የተማርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን አላምንም» አልኳቸው።

«አትመን። አንገትህ ላይ ብቻ እሰረው» አሉኝ።

አሰርኩት። ለሽታው ነው።

በአንድ ዓይኔ ሥራዬን ጨረስኩ። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከአፈሩ ጋር የበሰበሰ ፍግ፤ መሐሉ ላይ ቦርጫሙ። ለአዲስ ችግኝ እንደሚገባውም አንድ ባልዲ ውሃ አፈሰስኩበት። ውሃ አይፈልግም የተባለው ቆርቆሮ ውስጥ ሳለ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ደግሞ ይህን የመሰለ ጋን ማድቤት ባስገባው ማን ያየዋል? በረንዳው ላይ፣ ከመንገዱ ትይዩ አቆምኩት። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ያየዋል። አንዱ ሽማግሌ «ጋኑ ሲያምር! ምን ልትጠምቅበት ነው?» አለኝ። ተክሉን አላየውም።

ሚስቴ በየሳምንቱ ትደውላለች። ስለ ሕፃኗ ሁለት ቃል ትነግረኝና «ቆለኛዬስ?» ትላለች። «ተኝቷል» እላታለሁ። በሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፎቶ ላክልኝ አለችኝ። ያን ጊዜ ቅጠሉ መርገፍ ጀምሮ ነበርና፣ ስልኬ ውስጥ በርብሬ ያገኘሁትን አንድ የቆየ ፎቶ፣ ከነአበባው፣ ላክሁላት። ስልክ እንዴት ያለ በረከት ነው! ድሮ ሰው ለመዋሸት አፉን ማድከም ነበረበት። ሚስቴ ምንም አልመለሰችም። ደስ ብሏት ነው ዝም ያለችው ብዬ ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ የተረፈው ቅጠል አንድ ሳይቀር ረገፈ። እኔን አላስደነገጠኝም፤ ይረግፋል ተብዬአለሁ። እማሆይን ግን አስደነገጣቸው። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ጋኑን ያያሉ፤ ከዚያ እኔን ያያሉ።

«ውሃ አታጠጣውም ልጄ?»

«አጠጥቼዋለሁ። ይበቃዋል።»

«መቼ?»

«በሐምሌ።»

አንገታቸውን ከአጥሩ መለሱ። እንደ እሳቸው ከሆነ ፍርዱ እዚያው አልቆ ነበር፤ ይህ ሰው ሚስቱ ዞር ስትልለት ተክሏን በውሃ ጥም ሊገድል የተነሣ ጨካኝ ነው። ደጋ ውስጥ የረገፈ ቅጠል ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ጥም።

ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት፣ የጾምኩትን በአንድ ቀን ልክስ ብዬ ሆዴ ሲያምሰኝ አድሮ፣ እንደ ልማዴ ሳይሆን ማልጄ ተነሣሁ። በረንዳ ስወጣ እማሆይ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ጋኑ ላይ እያንቆረቆሩ ደረስኩባቸው።

«እማሆይ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ምንም አልደነገጡም። «ጠበል ነው» አሉኝ። «ሱባኤው የገባ ዕለት ነው የጀመርኩለት። ከኪዳን ስመለስ ለራሴ ከምቀዳው አካፍለዋለሁ። ሁለቱን ሱባኤ ጨርሷል፤ ይኼ የምስጋናው ነው።»

ጋኑን በእግሬ ገፋ ባደርገው ውስጡ ቦጭ አለ። ተክሉ ወደ አንድ ጎኑ አዘንብሏል። ሆዱን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት፤ ጣቴ ገባ።

ምን ልበል? በእኛ አገር ጠበል ገደለው አይባልም። ጠበል ያድናል፤ ያልዳነ ካለ እምነት ጎድሎት ነው። ተክሉ እምነት ጎድሎት ነው ልበል? ጣቴን በጋቢዬ ጠረግሁት። እማሆይ ጣቴን አዩ፤ ተክሉን አዩ፤ ጀሪካኑን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?» አሉኝ።

እዚህ ላይ «አይደሉም፤ ታቹ ቢበሳ ኖሮ የአባይ ውሃም ቢፈስበት ይወጣ ነበር» ማለት ነበረብኝ። ሳየው ልቤ ያውቀው ነበር። እኔ ግን ቀና ብዬ ጣራውን እያየሁ «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ። በእኛ አገር ይህ አዎ ማለት ነው፤ የጨዋ አዎ። እማሆይ ጀሪካናቸውን አንሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አንገታቸው በአጥሩ ላይ አልታየም። ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው በቀን አርባ አንድ ስግደት መቀበላቸውንም በኋላ ሰማሁ። ሰምቼ አፈርኩ። ነገር ግን ወደ ደጃቸው የሚያስኬድ ዓይነት እፍረት አልነበረም፤ ከቤት የሚያስቀር ዓይነት ነበር።

ጋኑን ስገለብጠው የወጣው ውሃ ዶሮዎቹን ከቤታቸው አባረራቸው። ሽታው ለአፍንጫ የሚቀርብ አልነበረም። ጠጠሬ ብቻ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሥሩ ንፍጥ ሆኗል። የማድቤት ቢላዋ አመጣሁና ከሥሩ ቆረጥኩት፤ ውስጡ ቡናማ ነው። ቢላዋውን ጠርጌ ትንሽ ከፍ ብዬ ቆረጥኩ፤ አሁንም ቡናማ። እንደገና ቆረጥኩ። ሚስቴ ይህን ሁሉ ዓመት የወለወለችውን ሆድ እንደ ሽንኩርት እየከተፍኩ ወደ ላይ ወጣሁ። ነጭና ጠንካራ አካል ያገኘሁት ከግማሹ በላይ ከጣልኩ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ፈራሁ። የፈራሁት ቁጣዋን አይደለም፤ የሚስቴን ቁጣ ለምጄዋለሁ፤ ሲበዛ ሁለት ቀን ነው። የፈራሁት ሌላ ነው። ከአገሯ ይዛው የመጣችው ይህ ብቻ ነው። እሱም ከሞተ በዚህ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ሊሆን ነው፤ ወንበሩም፣ ግድግዳውም፣ የምስክር ወረቀቱም። ይህን ቆሜ አሰብኩትና ከልቤ አዘንኩ።

የተቆረጠውን ቦታ አመድ ቀባሁት፤ ቁስሉ እንዲደርቅም ማድቤት ከምድጃው በላይ በገመድ አንጠለጠልኩት። ሲደርቅ፣ በዓርቡ፣ ገበያ ወጣሁ። ሸክላ ሠሪዋ ከሩቅ አየችኝ።

«ጋኑ ደህና ነው ጌታዬ?»

«ጋኑ ደህና ነው።»

«ተክሉስ?»

ዓይኔን ወደ ድስቶቹ አዞርኩ። ከኋላዋ ዝቅ ያለ፣ አፉ ሰፊ የሆነ ሸክላ አወጣችና ገልብጣ አሳየችኝ። ታቹ ሦስት ቦታ ተበስቷል።

«እርስዎ የሄዱ ሳምንት ነው የሠራሁት። ይመለሳሉ ብዬ ነበር፤ ትንሽ ዘገዩ እንጂ» አለች።

ሴቶቹ በዚህኛው ጊዜ አፋቸውን ለመሸፈንም አልደከሙ። «የወንዝ አሸዋ ያድርጉበት። ፍግ አያሳዩት» አለችኝ። «እሺ» አልኩ፤ ይህኛው እሺ የሚያስፈራ አልነበረም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔን ሁለቱም ተራ በተራ መከሩኝ። ያን ዕለት ራቅ ብዬ አልቆምኩም፤ ሸክላውን ከእጇ ተቀብዬ በብብቴ ይዤ ሄድኩ።

ሚስቴ መስቀል ካለፈ በኋላ መጣች። እኔ ሪፖርት አዘጋጅቼ ነው የጠበቅኋት። ከምችለው ነገር ሁሉ አጥብቄ የምችለው ሪፖርት ነው። መግቢያው ስለ ቆርቆሮው ዝገት፣ ሐተታው ዘንድሮ ስለ ከፋው ብርድ፣ ማጠቃለያው ደግሞ «ያለ ባለሙያ ፈቃድ ስለተደረገ የውሃ ማጠጣት» ነበር፤ እማሆይ ማለቴ ነው። ሻንጣዋን አስቀምጣ በቀጥታ ማድቤት ገባች፤ ከምድጃው አጠገብ አጣችው። ጓሮ ስትወጣ አገኘችው። ቡጢ የሚያህል ጉማጅ፣ ቅጠል የሌለው፣ በተበሳው ሸክላ ውስጥ አሸዋ ላይ ቁጭ ብሏል። ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ሪፖርቴን አሰማሁ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ሁልጊዜም እስከ መጨረሻው ነው የምትሰማኝ።

«የላክህልኝን ፎቶ በስልክህ ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ለሁዳዴ መፍቻ ሰሞን። በክረምት አበባ አውጥቶ አያውቅም።»

ጣቷ ላይ የቀረውን አሸዋ አራገፈች።

«ጋኑ ታቹ ቀዳዳ ነበረው?»

ይህ ጥያቄ ሪፖርቴ ውስጥ አልነበረም። «አልነበረውም» አልኩ።

«ታዲያ እማሆይ ምን አደረጉ?»

«አጠጡታ።»

«ሰው ሲያዝን ያጠጣል። መውጫ ያሳጣው ማን ነው?» አለችኝ። መልሴንም አልጠበቀችም። «ሂድና ንገራቸው። አሁኑኑ፤ እኔ ገና ሄጄ እሳቸውን ሳልስማቸው።»

አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ጉልበታቸው በጨርቅ ተጠምጥሟል። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ሸክላ ሠሪዋ ልብሳልዎ እንዳለችኝ፣ እምቢ እንዳልኩ፣ የእሳቸው ጠበል መውጫ አጥቶ እንደተጠራቀመ፣ ያን ጠዋትም ይህን እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ። እሳቸው ምስራቸውን መልቀም አላቆሙም።

«ጠበል እንደማይገድል አውቄ ነበር። እጄ ላይ ኃጢአት ቢኖር ነው ብዬ እንጂ» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማሆይ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። የሰገድኩት ግን በከንቱ አይቅርብኝ፤ ለአንተ ይታሰብልህ። ሳይጠቅምህ አይቀርም» አሉኝና ሰፌዱን አንሥተው ገቡ።

ስመለስ ሚስቴ ጓሮ በርጩማ ላይ፣ ከተክሉ አጠገብ ተቀምጣለች። ፀሐዩ ደህና ሞቋል፤ እሷ ግን ሹራቧን ለብሳ፣ በላዩ ጋቢ ደርባ፣ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ነው። እማሆይ ያሉኝን ነገርኳት፤ ትንሽ ሳቀች። ከሳቀች ብዬ ደፈር አልኩ።

«ይድናል?»

«እንጃ። ላዩ ጠንካራ ነው። ሥር ካወጣ እናያለን።»

«ያወጣል» አልኩ፤ ባለሙያው ተመልሶ መጥቶብኝ። «አሸዋው ጥሩ ነው፤ ፀሐይም አለ። ዘንድሮን ካለፈ ደግሞ አገሩን እየለመደ ይሄዳል።»

ሚስቴ አሸዋውን በጣቷ ታስተካክል ነበር፤ አቆመች።

«ከአገሬ ያወጣኸኝ ጊዜ ትለምጂዋለሽ አልከኝ» አለች። «ስማዳ ስንሄድም፣ እስቴ ስንሄድም እንደዚሁ አልከኝ። እኔም ክረምት በገባ ቁጥር ማድቤት ተቀምጬ ለዚህ ለቆለኛዬ ትለምደዋለህ እለው ነበር፤ ሌላ የምነግረው ስላጣሁ። እስካሁን አልለመደም።»

«ብርዱን ነው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«እሱንም» አለች።

ሌላው ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እንዳትነግረኝ ፈርቼ።